ሸራ ጣራ ቮልስ ለምትገዙ፦ ከቀለሙ በፊት ደፉን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጣራው የሚታጠፍ አሮጌ ቮልስ ለሽያጭ ሲወጣ ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ቀለሙና ስለ ሞተሩ። ገዢም የሚመረምረው እነዚህኑ ነው። መኪናውን ዞሮ ያያል፣ የኋላውን ኮፈን ያስከፍታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ ቀብድ ይከፍላል። ቀለምና ሞተር ግን በኋላም የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ በግማሽ ቀን ይወርዳል፤ ተሠርቶም ይመለሳል። ሸራ ጣራ መኪና የሚሞተው ሌላ ቦታ ነው። ስንገባና ስንወጣ በእግራችን የምንሻገረው ደፍ ውስጥ ነው። ደፉን ዝገት ከጨረሰው በላዩ ላይ የተቀባው ቀለምም ሆነ የተወጠረው አዲስ ሸራ የባከነ ገንዘብ ነው።

ይህን ዛሬ መጻፍ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ፈላጊ አግኝቷል። በየግቢው ጥግ ፕላስቲክ ለብሰው ለዓመታት የቆሙ ቮልሶች አቧራቸው እየተራገፈ ወደ ገበያ እየወጡ ነው። ከመካከላቸው በፋብሪካ ሸራ ጣራ ሆነው የተሠሩ አሉ፤ ጣራቸው በግራይንደር የተቆረጠ ተራ ቮልሶችም አሉ። ሁለቱ በአንድ ስምና በአንድ ዋጋ መሸጥ የለባቸውም።

ልዩነቱ እንዲገባችሁ አንድ የጫማ ካርቶን አንሱ። ክዳኑ ዙሪያውን ተጣብቆ እያለ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ፤ አይበገርም። ክዳኑን ቆርጣችሁ ያንኑ አድርጉ፤ እንደ ፎጣ ይጠመዘዛል። የተራ ቮልስ ጣራ የካርቶኑ ክዳን ነው። ዝናብ ከመከላከሉ በላይ የፊትና የኋላ ምሰሶዎቹን አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ሲነሳ ሸክሙ በሙሉ ወደ ታች ወርዶ በሁለቱ ደፎችና በመኪናው መሐል ለመሐል በሚያልፈው ወፍራም የብረት አከርካሪ ላይ ያርፋል። በኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የጀርመኑ የካርማን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ድረስ ከ330,000 በላይ ሸራ ጣራ ቮልሶችን ሲሠራ ይህን ያውቅ ነበር። በሁለቱም ደፎች ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ተጨማሪ ወፍራም ብረት በየደ፤ ምሰሶዎቹንና የፊት መስታወቱን ፍሬም አጠነከረ፤ ከኋላ መቀመጫው አካባቢም ማጠናከሪያ ጨመረ። በግቢ ውስጥ የተቆረጠ ቮልስ ይህ ሁሉ የለውም።

ታዲያ በምን ይለያል? መጀመሪያ በቁጥሩ ነው። የኋላ መቀመጫውን ትራስ አንሱና አከርካሪው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 15 ከሆነ ሸራ ጣራ፣ 11 ወይም 13 ከሆነ ባለ ብረት ጣራ ቮልስ ነው። 14 ደግሞ ካርማን ጊያ የሚባለው፣ የስፖርት ቅርጽ ያለው የቮልስዋገን መኪና ነው። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር በ157 ከጀመረ የ1967 ሞዴል ሸራ ጣራ ማለት ነው። ከ1965 በፊት በተሠሩት ላይ ይህ አቆጣጠር አይሠራም። ቁጥሩ ከፊት ትርፍ ጎማው ኋላ ካለው ታርጋና ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለበት። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ ወይም የሞረድ ፋቅታ ካያችሁ ሌላ ምንም ሳትጠይቁ ተመለሱ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የቮልስ ቦዲ ከወለሉ በብሎን የሚፈታ ስለሆነ የ15 ወለል ላይ የ11 ቦዲ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ቦዲውንም እዩ። የፋብሪካው ሸራ ጣራ የበሩ መስታወት ከላይ የብረት ፍሬም የለውም፤ የኋላ ተሳፋሪ የጎን መስታወትም በእጀታ ይወርዳል። ከሁሉም ግልጽ የሆነው ምልክት የአየር ቀዳዳው ነው። በተራው ቮልስ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ መስታወቱ ሥር ባሉት ሽንቁሮች ነው። በሸራ ጣራው ግን የታጠፈው ሸራ እዚያው ላይ ስለሚያርፍ ካርማን ሽንቁሮቹን ወደ ሞተሩ ክዳን አወረዳቸው።

ይህች የሽንቁር ነገር ቀላል አይደለችም። ጣራው የተቆረጠ ቮልስ ሸራው ሲታጠፍ በገዛ ጣራው አፍንጫውን ይዘጋል። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ሕይወቱ ፋኑ የሚስበው አየር ነው። አየር ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀጣው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ እሱ ጋ የሚደርሰው አስቀድሞ የሞቀ አየር ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቩ ይለጠጣል፣ አንድ ቀን አንገቱ ይበጠሳል፣ ፒስተኑን ይበሳል። ሜካኒኩ በዘይት ወይም በሹፌሩ ያመካኛል፤ ጥፋቱ ግን ጣራው ላይ ነው። የተቆረጠ ቮልስ ይዛችሁ ከሆነ ቢያንስ የሞተር ክዳኑን በባለ ሽንቁር ክዳን ለውጡ።

አሁን ወደ ደፉ እንግባ። ይዛችሁ የምትሄዱት ትንሽ ነው፤ ካቻቢቴ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪ፣ ክሪክና የ4 ሚሊ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ)። ፑንታው ለመብሳት ሳይሆን ለመለካት ነው። በሩን ዝጉና በበሩና በኋላው ምሰሶ መካከል ባለው ክፍተት የፑንታውን ጀርባ ከላይ ወደ ታች አሂዱ። ከላይ አልገባ ብሎ ከታች ከተንቀዋለለ መኪናው መሐሉ ረግቧል ማለት ነው፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ከላይ ወደ መሐል ተጠጋግተዋል። ከዚያ ከመርገጫው ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ባለችው የክሪክ መግቢያ መኪናውን ቀስ ብላችሁ አንሱና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። ጤነኛ ደፍ ያለው መኪና ሲነሳ ክፍተቱ እምብዛም አይለወጥም። ደፉ የሞተ ከሆነ ግን በሩ መቆለፊያው ላይ ይነክሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይዘጋም። ክሪኩ ሲነሳ መኪናው ሳይነሳ ብረቱ ወደ ውስጥ እጥፍ ካለ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሻጭ ይህን ስለሚያውቅ ደፉን በስቱኮ ይሞላዋል። ማግኔቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከፊት ፓራፋንጎው ጀምሮ እስከ ኋላው ድረስ በደፉ ርዝመት አሂዱት፤ የላላበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት አይደለም። በጣት ጀርባም አንኳኩ፤ ባዶ ብረት ይጮኻል፣ ስቱኮ ግን እንደ ሰሌዳ ድብ ይላል። ከዚያ ምንጣፉን ገልጣችሁ ደፉ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ሻጩ ቅር ካለው ቅር ይበለው፤ ካቻቢቴ የሚበሳው ብረት ሰው አይሸከምም። በመጨረሻ የኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል እዩ። አሲዱ የሚንጠባጠበው እዚያ ስለሆነ ሌላው ወለል ደህና ሆኖ እንኳ ያ ቦታ ብቻውን ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ከፊት ደግሞ የፊት አክሱሉ የታሰረበትን የአከርካሪውን ራስ ከታች ሆናችሁ ጠቅ አድርጉ፤ እሱ ከተበላ ሥራው ሌላ ደረጃ ይደርሳል።

ደፉ ለምን ከሌላው ብረት ቀድሞ ያልቃል? ባዶ ስለሆነ ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ፊት መስታወቱ የሚሄደው በደፉ ውስጥ ነው። አየሩ አቧራና እርጥበት ይዞ ይገባል፤ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከፓራፋንጎው ኋላ ይጠራቀማል፤ በበሩ የወረደ ዝናብ ማፍሰሻ ቀዳዳው በጭቃ ስለተደፈነ እዚያው ይቀራል። ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው፤ ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ስትታይ ከውስጥ ያለው ሥራ አልቋል። በክረምት መኪናን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማቆም ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። ከመሬቱ የሚነሳው እርጥበት መውጫ አጥቶ ሌሊት ሌሊት በብረቱ ላይ ጠል ሆኖ ያድራል። ላቫጆ ቤት ሆድ ዕቃውን በናፍጣ ማስረጨትም መድኃኒት አይደለም፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፣ አቧራውን ያጣብቃል፣ ደፉ ውስጥ ግን አይደርስም።

ይህን ሁሉ አይታችሁ መኪናውን ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ ጥገናው ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ባትላሜራው፣ ማለትም የቦዲ ጠጋኙ፣ መኪናውን በክሪክ ሰቅሎ የበሰበሰውን ደፍ ቆርጦ ይጥላል። በዚያች ቅጽበት ቦዲው እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል፤ አዲሱ ደፍ የሚበየደውም በተጣመመው ቅርጽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሩን በመዶሻ፣ በማጠፊያው ወይም በስቱኮ ለማስተካከል የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ብረት ከመቆረጡ በፊት መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በአራት ጎማው ይቁም። በሮቹ በቦታቸው ይሁኑ። ቦዲው ረግቦ ከሆነ ከጎን ወለሉን የያዙትን የ8 ሚሊ ብሎኖች በ13 ቁልፍ አላልታችሁ፣ በደፉ መሐል ሥር አንድ ሜትር የሚሆን ወፍራም ጣውላ አስገቡና ክሪኩን በጣውላው ሥር ቀስ በቀስ አንሱ። የበሩ ክፍተት ከላይ እስከ ታች 4 ሚሊ እኩል ሲሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ አሳልፋችሁ አቁሙ፤ ክሪኩ ሲወርድ ያችን ያህል ይመለሳልና።

ከዚያ ማሰር ነው። 30 በ30 የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ በየጎኑ ሁለት ሁለት ይበየድ፤ አንዱ አግድም፣ ሌላው ሰያፍ። ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም አንድ ተሻጋሪ ያስፈልጋል። ቱቦላሬዎቹ በውስጥ በኩል ይሁኑ፤ በሩ እየተከፈተና እየተዘጋ ክፍተቱን በየቀኑ መለካት አለባችሁ። ቤንዚን ታንኩ የሚገኘው ከፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ወርዶ ከግቢው ይራቅ፤ ባትሪውም ይነቀል።

አንድ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ከወለሉ ይጀመራል፤ ደፉ የሚቀመጥበትን ልክ የሚሰጠው እሱ ነው። ለወለል 1.2 ሚሊ ላሜራ ይበቃል። ወለሉ ከአከርካሪው ጋር ተበይዶ ካለቀ በኋላ አዲሱ ደፍ በላዩ ይቀመጣል፣ በብሎኖቹ ይታሰራል፣ ከምሰሶዎቹ ጋር የሚበየደው ታስሮ ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች፤ በደፉና በወለሉ መካከል የምትገባው ጎሚኒ። ያለ እሷ ከበየዳችሁ በኋላ ጎሚኒዋ ስትገባ ቦዲው በውፍረቷ ልክ ከፍ ይልና የለፋችሁበት የበር ክፍተት ሁሉ ይበላሻል። አዲሷን ጎሚኒ በብየዳ እሳት ማቃጠል ካልፈለጋችሁ በምትኳ ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው የላሜራ ቁራጮች አስገቡ።

ሸራ ጣራውን ሸራ ጣራ የሚያደርገው ተጨማሪው ብረት ከደፉ ሥር ይገባል። ፋብሪካው የሠራው ካልተገኘ 2 ሚሊ ላሜራ በፕሬስ በዩ ቅርጽ ይታጠፋል። ርዝመቱ ላይ አትሳሱ። ከፊት ከምሰሶው አልፎ ከመኪናው ሥር ከጎን ወደ ጎን የሚሄደው ተሻጋሪ ብረት ላይ፣ ከኋላም እንዲሁ የኋላው ተሻጋሪ ብረት ላይ መድረስ አለበት። በበሩ መሐል የሚያልቅ ማጠናከሪያ ከሌለ ይሻላል፤ ጉልበቱ ሁሉ ማለቂያው ላይ ተጠራቅሞ ደፉን እዚያው ይሰነጥቀዋል። አበያየዱ በየ3 ሴንቲው 8 ሚሊ ቀዳዳ በትራፓኖ በስቶ ቀዳዳውን በብየዳ መሙላት ነው። ተደርበው የሚቀመጡት ገጾች ሁሉ ከመበየዳቸው በፊት ዚንክ ያለበት ፕራይመር ይቀቡ፤ ከተበየደ በኋላ እዚያ የሚደርስ ብሩሽ የለም።

ስለ ብየዳው ዓይነት ሳልደባብስ ልናገር። ለዚህ ሥራ የኦክስጅን ብየዳ አይሆንም። ላሜራ ሰፊ ቦታ ላይ ሲግል ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ከነበረበት ያጥርና ምሰሶውን ይዞት ይመጣል። በናስ መለሰንም ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። የሲኦቱ ብየዳ (በጋዝ ተከልሎ በሽቦ የሚበየደው) በ0.8 ሚሊ ሽቦ፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሳይበልጥ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ እያፈራረቁ መሆን አለበት። ቀን ይፈጃል። ይፍጅ። በዚህ ላይ የሚቸኩል ባለሙያ ሥራውን አልተረዳውም።

ሁለቱም ጎን ሲያልቅ ቱቦላሬዎቹ ይቆረጡና ሁለት ጎልማሶች መኪናው ውስጥ ይቀመጡ። በሮቹ እንደ በፊቱ ከተዘጉ ሥራው ተሳክቷል፤ ቀለም መቀባት የሚቻለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የደፉን ውስጥ ለመከላከል ብዙዎች ግሪስ ወይም የተቃጠለ ዘይት ያስገባሉ። ሙቅ አየር በሚያልፍበት ክፍል ይህን አታድርጉ፤ ማሞቂያው ሲከፈት ሽታው በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። እዚያ የሚገባው አንቲረስት ነው፤ አቅጥናችሁ አፍስሱ፣ ትርፉ በማፍሰሻው ይውጣ፣ በደንብ ይድረቅ። ዘይትና ሰም የሚሆነው ከውጭ ላሉት ባዶ ክፍሎች ነው። የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በቀለምና በማስቲሽ አትድፈኑ። የዝገት ቀዳዳ መስሎት በጥሩ ልብ የሚደፍን ሠራተኛ አለና ቆማችሁ አሳዩት።

በሞተሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የቮልስ ሞተር የሚያውቅ ሰው በአዲስ አበባ አይጠፋም። ሲገዛ ግን ሞተሩ ጠፍቶ የታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ መልሳችሁ ግፉ። ጤነኛው ከ0.15 ሚሊ በታች ስለሚንቀሳቀስ በእጅ እምብዛም አይታወቅም፤ ኳ ኳ ካለ የክራንክሻፍቱ ማቀፊያ ተበልቷል፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ኮምፕሬሽን ስትለኩ ከፍታውን አትርሱ። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የጥገና መጽሐፉ 8 ባር የሚለው ሞተር እዚህ 6 ባር ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። በዚሁ ምክንያት ካርቡራተሩ ለባሕር ወለል የተሠራ ጅግለር (የቤንዚኑን መጠን የሚወስን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ካለው ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ዱቄት ከለበሰ አንድ ቁጥር አሳንሱ። ለ1300፣ ለ1500 እና ለ1600 ሞተር ቫልቩ በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ኮንታክት 0.4፣ ካንዴላው 0.7 ይደረግ። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ፊልትሮ የለውም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ቆሻሻው የሚወጣው ዘይቱ ሲቀየር ነው። ወንፊቱን የያዙትን ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች በጉልበት አታጥብቁ፤ ብሎኖቹ ከሞተሩ ቤት ተነቅለው ይመጣሉ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራና ጎሚኒም ጌጥ አይደለም፤ አንዱ ከጎደለ ከታች የሚወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ይገባል።

ለዓመታት የቆመን መኪና ባትሪ ገጥሞ ወዲያው ማስነሳት ግን አደገኛ ነው። የቤንዚን ጎማዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ከታንኩ ሥር ያለው፣ ካምቢዮው አጠገብ ያለው፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው፣ ሁሉም ይቀየሩ፤ የውስጥ ስፋታቸው 5 ሚሊ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ማጥበቂያ ቀለበት ይግባባቸው። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የናስ ቱቦ በጣታችሁ ወዝወዝ አድርጉ። በግፊት ብቻ የገባ ስለሆነ ይላላል፤ በጉዞ ላይ ከወጣ ቤንዚኑ በቀጥታ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይፈስሳል። ቮልስ ከኋላው ሲቃጠል የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። የፕላስቲክ የቤንዚን ማጣሪያም ከሞተሩ በላይ አይንጠልጠል፤ ቦታው ከታንኩ በታች ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ስለሚስብ የቆመ መኪና የፍሬን ሲሊንደሮች ከውስጥ ዝገዋል፤ ዋናውንና የአራቱን ጎማ፣ ከነአራቱ ተጣጣፊ ጎማዎች ለውጣችሁ አየሩን ከቀኝ ኋላ ጀምራችሁ አስወጡ።

ሸራው የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ሰው ግን ስለሚያምር ያስቀድመዋል። ሸራ የሚለካው በፍሬሙ ነው፣ ፍሬሙ የሚስተካከለው በመስታወቶቹ ነው፣ መስታወቶቹ የሚቆሙት በበሩ ነው፣ በሩ ደግሞ በደፉ። ስለዚህ በመጀመሪያ አራቱም የጎን መስታወቶች ወደ ላይ ወጥተው እርስ በርስ ይገጥሙ። ቀጥሎ ባዶው ፍሬም ይዘጋና ከፊት መስታወቱ ጋር ይቆለፍ፤ ያለ ሸራ በአንድ እጅ የማይቆለፍ ፍሬም ከሸራ ጋር በሁለት ሰውም አይቆለፍም። የተበሉ መገጣጠሚያዎች በአዲስ ቡሽ ይሠሩ።

በፍሬሙ ላይ ሸራው የሚመታባቸው እንጨቶች አሉ፤ ከፊት በመስታወቱ ላይ የሚያርፈውና ከኋላ ያለው። ሁልጊዜ የሚበሰብሱት እነሱ ናቸው። በምትካቸው በደንብ የደረቀ ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ይቀረጻል፣ ምስማሩን ይይዛል። ባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል። አሮጌውን እንጨት ቢበሰብስም አትጣሉት፤ ለአዲሱ መልክ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው።

ከእንጨቱ በኋላ መሐለኛው ስፖንጅ ይመጣል። ፋብሪካው የተጠቀመበት የፈረስ ፀጉር ነበር፤ አንዴ ከረጠበ ስለማይደርቅ ውሃ የማይመጥ ቀጭን ስፖንጅ ይሻላል። የጭነት መኪና ሸራ እንዳትመርጡ። ወፍራም ነው፣ ሲታጠፍ ክርኑ ላይ ይሰነጠቃል፣ የጥጡ ዓይነት ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይኮማተርና የፊት መስታወቱን ፍሬም ወደ ኋላ ይስበዋል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ከሸራው ቀድሞ በፀሐይና በዝናብ ይበሰብሳል። የስፌቱ እጥፋት አፉ ወደ ኋላ ይዙር፣ ነፋስና ውሃ እንዳይከፍተው። የመርፌው ቀዳዳዎች በሰም ይታሹ፤ ሸራው ራሱ እምብዛም አያፈስም፣ የሚያፈስሰው ስፌቱ ነው። ሸራውን የሚይዘው ምስማር የማይዝግ ይሁን።

መወጠሩ ፀሐያማ ቀን ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ሸራው ሲለሰልስ ይወጠር፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይታጠፍ ተቆልፎ ይቆይ። በክረምት ብርድ የተወጠረ ሸራ በበጋ ይረግባል፣ በመንገድ ላይም እንደ ከበሮ ይመታል። ከዚያም በኋላ እርጥብ ሸራ አይታጠፍ፤ ታጥፎ ያደረ እርጥብ ሸራ በጥቂት ቀን ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታውም አይለቅም። ክረምቱን መኪናው ካልተነዳ ጣራው ተዘግቶ፣ መስታወቱ አንድ ጣት ያህል ወርዶ፣ ከላይ ቆርቆሮ ጥላ ኖሮት ይቁም። ጥላ ከሌለ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይልበስ፤ ፕላስቲክ ግን አይልበስ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ የሚቀበሉ ባልደረቦቻችሁ፣ አንድ ሰው ሸራ ጣራ ቮልስ ሊያስነግር ሲመጣ የሻንሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች ይጠይቁትና ከዋጋው አጠገብ ያትሟቸው። ሦስት አሃዝ የጋዜጣውን ቦታ አይሻማም። በ15 የሚጀምር መኪና ያለው ሻጭ ደስ ብሎት ይሰጣችኋል፤ በ11 የሚጀምረው ያለውም በተቆረጠ መኪና ዋጋ ይሽጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባትላሜራ ባለሙያ
አዲስ አበባ